የመሠረት አርማታ ሙሌት በክረምት

የመሠረት አርማታ ሙሌት በክረምት ማለት የቤት መሠረት የሚያርፍበትን የኮንክሪት እግር (በግንባታ ሠራተኞች አነጋገር ፉቲንግ) ዝናብ በሚበዛበት ወይም አፈሩ በረጠበበት ጊዜ የማዘጋጀትና የመሙላት ሥራ ነው። ፉቲንግ የአምዶችን (ኮለን) እና የግድግዳዎችን ጭነት ተቀብሎ ወደ አፈሩ የሚያሰራጭ የሕንፃ ክፍል ነው። ሥራው እንዳለቀ በአፈር ስለሚሸፈን፣ በሙሌቱ ዕለት የተፈጠረ ጉድለት ኋላ ለማየትም ሆነ ለመጠገን ያስቸግራል። ጉድለቱ ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው ቤቱ ተሠርቶ ግድግዳው ሲሰነጠቅ ወይም በርና መስኮት አልዘጋ ሲል ነው።

በክረምት አርማታ መሙላት የተከለከለ ወይም የማይቻል ሥራ አይደለም። ጉዳት የሚያመጣው ዝናቡ ራሱ ሳይሆን ከልክ በላይ የሆነ ውሃ በሦስት ቦታ ሲገኝ ነው፦ በጉድጓዱ ወለል፣ በድብልቁ ውስጥና ገና ባልጠነከረው ኮንክሪት ፊት ላይ።

ወቅቱና አፈሩ

በመካከለኛውና በሰሜን ምዕራብ የኢትዮጵያ ደጋማ ቦታዎች ዋናው የዝናብ ወቅት ከሰኔ እስከ መስከረም ሲሆን ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ የሚበረታባቸው ወራት ናቸው። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ ከዚህም አብዛኛው የሚወርደው በእነዚህ ወራት ነው። በብዙ የገጠር አካባቢዎች የጭቃ ቤት የሚሠራው በበጋ ነው። በከተማ ግን የኪራይ ወጪ፣ የግንባታ ፈቃድ የጊዜ ገደብና የዕቃ ዋጋ መናር ባለቤቶችን በክረምትም ሥራ እንዲቀጥሉ ያስገድዷቸዋል።

የአፈሩ ዓይነት ከዝናቡ መጠን ባልተናነሰ ይወስናል። ቀይ አፈርና ጠጠራማ መሬት ውሃን በአንጻራዊነት ቶሎ ያሳልፋሉ። ጥቁር አፈር (ዋልካ ወይም መረሬ) ግን ሲረጥብ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚኮማተርና የሚሰነጠቅ የሸክላ አፈር ነው። በአዲስ አበባ በቦሌና በአቃቂ ቃሊቲ አካባቢ በስፋት ይገኛል። በደረቅ ጊዜ ተቆፍሮ የተተወ የዋልካ ጉድጓድ ዝናብ ሲገባበት ወለሉ ያብጣል፣ ይለሰልሳልም። በዚህ ላይ የተሞላ ፉቲንግ አፈሩ ሲያብጥ ወደ ላይ ይገፋል፤ በጋ ሲመጣና አፈሩ ሲኮማተር ደግሞ ይሰጥማል። እንቅስቃሴው በሁሉም አምዶች ሥር እኩል ስለማይሆን ግድግዳ ይሰነጠቃል። ስለዚህ በዋልካ ላይ የሚሠራ መሠረት እርጥበቱ በየወቅቱ ከሚለዋወጠው የላይኛው የአፈር ንጣፍ በታች እንዲወርድ ይደረጋል፤ ወይም ዋልካው ተጠርጎ በተመረጠ አፈር (ሰሌክት ማቴሪያል) ይተካና በየንጣፉ ይጠቀጠቃል። ምን ያህል ጥልቀት እንደሚያስፈልግ የሚወሰነው በአፈር ምርመራ ነው።

ውሃ በኮንክሪት ውስጥ ያለው ሚና

ኮንክሪት የሚጠነክረው በመድረቁ ሳይሆን ሲሚንቶው ከውሃ ጋር በሚያደርገው ኬሚካዊ ውህደት (ሃይድሬሽን) ነው። ለዚህ ውህደት የሚያስፈልገው ውሃ ግን የተወሰነ ነው። ከዚያ በላይ የተጨመረው ውሃ በድብልቁ ውስጥ ቦታ ይዞ ይቆይና ሲወጣ ጥቃቅን ቀዳዳዎችን ይተዋል። ቀዳዳው በበዛ መጠን ኮንክሪቱ ይደክማል፤ ለፌሮው ዝገት የሚዳርግ እርጥበትም በቀላሉ ያስገባል። የውሃና የሲሚንቶ ክብደት ጥምርታ ሲጨምር ጥንካሬ እንደሚቀንስ አሜሪካዊው መሐንዲስ ዳፍ ኤብራምስ በ1918 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት አሳይቷል፤ ግንኙነቱም በስሙ ይጠራል።

ለምሳሌ በ0.5 ጥምርታ ለአንድ 50 ኪሎ ግራም ከረጢት ሲሚንቶ የሚያስፈልገው ውሃ 25 ሊትር ነው። በዚሁ ላይ 10 ሊትር ውሃ ቢጨመር ጥምርታው 0.7 ይሆናል፤ የኮንክሪቱም ጥንካሬ አንድ ሦስተኛ ያህል ሊቀንስ ይችላል። ድብልቁ ግን ለዓይን የበለጠ ለስላሳና ለመሙላት የሚመች ይመስላል።

ቁሳቁስና ልኬት

በኢትዮጵያ ለመኖሪያ ቤት ፉቲንግ የሚጻፈው የተለመደ ዝርዝር ሲ-25 ኮንክሪት ሲሆን በአንድ ሜትር ኩብ 360 ኪሎ ግራም ሲሚንቶ ይይዛል። በሳይት ላይ ይህ ብዙ ጊዜ በ1፡2፡3 ልኬት ይዘጋጃል፤ ማለትም አንድ ከረጢት ሲሚንቶ፣ ሁለት ሳጥን አሸዋና ሦስት ሳጥን ጠጠር። በክረምት ይህ ልኬት በሁለት መንገድ ይዛባል።

አንደኛው አሸዋው የያዘው ውሃ ነው። ክፍት ሜዳ ላይ የከረመ አሸዋ ከክብደቱ 8 በመቶ የሚደርስ ውሃ ሊይዝ ይችላል። ይህ በ100 ኪሎ ግራም አሸዋ ወደ 8 ሊትር ይደርሳል፤ ለአንድ ከረጢት ከተፈቀደው 25 ሊትር ሲሶ የሚጠጋ ማለት ነው። ስለዚህ በደረቅ ወቅት የሚጨመረው ውሃ ሳይቀነስ ከተጨመረ ድብልቁ ይቀጥናል። ሁለተኛው የአሸዋ ማበጥ ነው። መጠነኛ እርጥበት ያለው አሸዋ ቅንጣቶቹ በውሃ ስለሚገፋፉ ይዘቱ ከ20 እስከ 30 በመቶ ሊጨምር ይችላል። በሳጥን ሲለካ ሳጥኑ የሞላ ቢመስልም ውስጡ ያለው አሸዋ ከሚፈለገው ያንሳል፤ ኮንክሪቱም ጠጠር የበዛበትና የማር እንጀራ የመሰለ ቀዳዳ ያለው ይሆናል። አሸዋው ሙሉ በሙሉ በውሃ ሲሞላ ይህ ማበጥ ይጠፋል። ችግሩን ለመቀነስ አሸዋና ጠጠር ውሃ በማይቋጥር ከፍ ያለ ቦታ ይከመራሉ፣ በሸራ ወይም በላስቲክ ይሸፈናሉ። ከክምሩ ግርጌ ያለው እጅግ የረጠበ አሸዋ በመጨረሻ ይወሰዳል።

ሲሚንቶ ከአየር እርጥበት ጋር እንኳ ይዋሃዳል። በክረምት ከወለል ከፍ ባለ የእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ተለይቶና ጣሪያው በማያፈስ መጋዘን ይቀመጣል። ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይወጣል። በእጅ ሲጨበጥ የማይፈርስ ጓል ያለበት ሲሚንቶ ለመሠረት አይሆንም።

የጉድጓድ ዝግጅት

ቁፋሮውና ሙሌቱ በተራራቁ ቁጥር ጉድጓዱ ለዝናብ ተጋላጭ ይሆናል። ስለዚህ በክረምት ሁሉንም ጉድጓድ በአንድ ጊዜ ቆፍሮ ከመተው ይልቅ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊሞላ የሚችለውን ያህል ብቻ መቆፈር ይመረጣል። የሚከተሉት ቅደም ተከተሎች የተለመዱ ናቸው፦

1. በሳይቱ ላይኛው በኩል የጎርፍ ውሃ የሚያስቀይስ ቦይ ይቆፈራል።
2. የወጣው አፈር ከጉድጓዱ አፍ ራቅ ተደርጎ ይከመራል፤ ካልሆነ በዝናብ ተመልሶ ይገባል፣ ጠርዙንም ይጫናል።
3. ከፉቲንጉ ስፋት ውጪ ባለ ማዕዘን ውሃ የሚጠራቀምበት ትንሽ ጉድጓድ ይቆፈርና ውሃው በፓምፕ ወይም በባልዲ ይወጣል።
4. ውሃው ከወጣ በኋላ የለሰለሰው ጭቃ በአካፋ ተጠርጎ ጠንካራው አፈር እስኪገኝ ይወረዳል። የተጠረገው ቦታ በላላ አፈር አይሞላም፤ በሊን ኮንክሪት ይተካል።
5. ወለሉ እንደተዘጋጀ በዚያው ዕለት 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሊን ኮንክሪት ይነጠፋል።

ሊን ኮንክሪት በአንድ ሜትር ኩብ 150 ኪሎ ግራም ያህል ሲሚንቶ ያለው ደካማ ድብልቅ ነው። ጭነት እንዲሸከም የሚሠራ ባይሆንም በክረምት ጥቅሙ ከፍተኛ ነው። የአፈሩን ወለል ከዝናብና ከሠራተኞች እግር ይሸፍናል፤ ፌሮው ጭቃ ሳይነካው የሚታሰርበት ንጹሕ መደብ ይሆናል። በኋላ ዝናብ ቢገባም ውሃውን አውጥቶ ማጠብ ይበቃል።

ፌሮው በጭቃ ከተለወሰ በውሃ ይታጠባል፤ ጭቃ በፌሮውና በኮንክሪቱ መካከል ያለውን መያያዝ ያጠፋልና። በላዩ የታየ ስስ ዝገት ግን ጉዳት የለውም። የሚላጥ ዝገት በሽቦ ብሩሽ ይነሣል። ፌሮው ከሊን ኮንክሪቱ በስፔሰር ከፍ እንዲል ይደረጋል። በአውሮፓው የግንባታ ኮድ (ዩሮኮድ 2) ምክር መሠረት በተዘጋጀ መደብ ላይ ለሚሞላ ኮንክሪት የፌሮ ሽፋን ቢያንስ 40 ሚሊ ሜትር፣ በቀጥታ አፈር ላይ ለሚሞላ 75 ሚሊ ሜትር ነው።

የሙሌቱ ሂደት

በአዲስ አበባ የክረምት ዝናብ ብዙ ጊዜ የሚበረታው ከሰዓት በኋላ በመሆኑ ሙሌት ማለዳ ተጀምሮ ከምሳ ሰዓት በፊት እንዲያልቅ ይታቀዳል። በዕለቱ የሚሞሉት ፉቲንጎች ቁጥር የሚወሰነው እያንዳንዱ ሳይቋረጥ ተሞልቶ ሊያልቅ በሚችልበት ልክ ነው። ሦስቱን ጨርሶ ማቆም ስድስቱን ጀምሮ በግማሽ ከመተው ይሻላል። ላስቲክ ወይም ሸራ፣ መወጠሪያ እንጨትና ፓምፕ ሙሌቱ ሳይጀመር በቦታው ይዘጋጃሉ።

ኮንክሪት በቆመ ውሃ ውስጥ አይፈስስም። በውሃ ውስጥ አልፎ የወደቀ ድብልቅ ሲሚንቶው ታጥቦ ይሄድና ጠጠርና አሸዋው ብቻ ከታች ይቀራል። በድልድይና በወደብ ሥራ ከውሃ በታች ኮንክሪት የሚሞላው ጫፉ ሁልጊዜ በትኩሱ ኮንክሪት ውስጥ በተቀበረ ቧንቧ ነው፤ ለመኖሪያ ቤት ግን ውሃውን አውጥቶ መሙላት ቀላሉ መንገድ ነው። ፓምፑ በሙሌት ጊዜ መሥራት ካለበት ከፎርሙ ውጪ ካለው ጉድጓድ ብቻ ይስባል፤ ከፎርሙ ውስጥ ከሳበ ሲሚንቶውን አብሮ ያወጣል።

ድብልቁ በባሬላ ወይም በጋሪ ደርሶ በዝቅተኛ ከፍታ ይፈስሳል፣ በቫይብሬተርም ይጠቀጠቃል። ሚክሰሩ ውስጥ ዝናብ እንዳይገባ ከላዩ መጠለያ ማበጀት ይጠቅማል።

በመካከል ዝናብ ሲመጣ

ካፊያ ሥራን አያስቆምም። ዶፍ ዝናብ ሲጀምር ግን የተያዘው ፉቲንግ በፍጥነት ተጠናቅቆ ይሸፈናል፤ አዲስ አይጀመርም። ስፋቱ 1.5 ሜትር በ1.5 ሜትር፣ ውፍረቱ 40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፉቲንግ 0.9 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ይይዛል። በ0.5 ጥምርታ በውስጡ ያለው ውሃ ወደ 162 ሊትር ነው። 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድበት 22.5 ሊትር ውሃ ይጨመርበታል። ይህ ውሃ በሙሉ ውፍረቱ ውስጥ አይሰራጭም፤ በላይኛው ጥቂት ሳንቲ ሜትር ይቀራል። ጉዳቱም በዚያው ይብሳል፣ ምክንያቱም አምዱ የሚቆመው በዚሁ ፊት ላይ ነው።

በሳይት ላይ ከሚታዩ የተሳሳቱ ልማዶች አንዱ ውሃ በቋጠረው ፊት ላይ ደረቅ ሲሚንቶ መነስነስ ነው። ይህ ውሃውን የሚመጥ ቢመስልም ከታቹ ጋር በደንብ የማይያያዝ ስስ ቅርፊት ይፈጥራል። ውሃውን በኮንክሪቱ ውስጥ ማሸትም ጥምርታውን ይጨምራል። ትክክለኛው መንገድ ውሃውን በጨርቅ ወይም በስፖንጅ ማንሣት፣ ሲሚንቶው የታጠበበትን ክፍል ጠርጎ ማውጣትና ትኩስ ድብልቅ መተካት ነው። ኮንክሪቱ ከጠነከረ በኋላ ደካማ ፊት ከታየ ጠጠሩ እስኪገለጥ ተፍቆ ይታጠባል።

ሙሌት በግማሽ ከተቋረጠና የታችኛው ከጠነከረ በኋላ ከቀጠለ በሁለቱ መካከል ደካማ መገናኛ (ኮልድ ጆይንት) ይፈጠራል። በዚህ ጊዜ ሥራው እንዲቀጥል ወይም እንዲፈርስ የሚወስነው መሐንዲሱ ነው።

ከሙሌት በኋላ

ኮንክሪት መርጋት የሚጀምረው በተለመደው ሁኔታ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ሲሆን፣ በክረምት ቅዝቃዜ ይዘገያል። ስለዚህ ሽፋኑ በዚያው ዕለት አይነሣም፤ ላስቲኩም ፊቱን እንዳይነካ በእንጨት ላይ ይወጠራል። ከጠነከረ በኋላ የሚወርድ ዝናብ አይጎዳውም፤ እንዲያውም እንደ ውሃ ማጠጣት ይጠቅመዋል። ሆኖም በክረምትም ፀሐይ የሚወጣባቸው ቀናት ስላሉ ቢያንስ ለ7 ቀናት እርጥበቱ መጠበቅ አለበት። በጉድጓዱ የገባው ጎርፍ ከፉቲንጉ ጠርዝ ሥር ያለውን አፈር እንዳይሸረሽር ውሃው ሳይቆይ ይወጣል።

ጥራት መፈተሽ

የድብልቁን ቅጥነት ለመለካት የስላምፕ ሙከራ ይደረጋል። ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር በሆነ ሾጣጣ ቆርቆሮ ኮንክሪቱ በሦስት ንጣፍ ይሞላል፤ እያንዳንዱ ንጣፍ በብረት ዘንግ 25 ጊዜ ይወጋል። ቆርቆሮው ሲነሣ ኮንክሪቱ የወረደበት መጠን ይለካል። አሸዋው ረጥቦ ውሃው ካልተቀነሰ ልዩነቱ ወዲያው ይታያል። ከዚህም በተጨማሪ 15 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባላቸው ኩብ ሻጋታዎች ናሙና ተወስዶ በ7ኛውና በ28ኛው ቀን በቤተ ሙከራ ይሰበራል።

የሠራተኞች ደኅንነት

በክረምት የመሠረት ሥራ ላይ ለሕይወት የሚያሰጋው የጉድጓድ መደርመስ ነው። አንድ ሜትር ኩብ አፈር ከ1.5 ቶን በላይ ሊመዝን ይችላል፤ ሲረጥብ ክብደቱ ይጨምራል፣ እርስ በርሱ የሚያያዝበት ኃይል ግን ይቀንሳል። እስከ ደረቱ የተቀበረ ሰው በመታፈን ሊሞት ይችላል። በአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ደንብ 1.5 ሜትር ያህልና ከዚያ በላይ ጥልቀት ያለው ቁፋሮ፣ በጠንካራ አለት ውስጥ ካልሆነ በቀር፣ በድጋፍ እንጨት ወይም ጎኑን በማጋደል እንዲጠበቅ ያዝዛል፤ የወጣው አፈርም ከጠርዙ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር እንዲርቅ ይደነግጋል። ከዝናብ በኋላ ማንም ወደ ጉድጓዱ ከመውረዱ በፊት በጠርዙ ዙሪያ ስንጥቅ አለመኖሩ ይታያል። መውጫ መሰላል በቅርብ ይቀመጣል። በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ፓምፕና ቫይብሬተር ገመዳቸው ያልተላጠና በውሃ ውስጥ ያልተኛ መሆን አለበት። እርጥብ ሲሚንቶ ቆዳ ስለሚያቃጥል ቦት ጫማና ጓንት ያስፈልጋሉ።