ባርኔጣ በስቱዲዮ ፖርትሬት

ባርኔጣ በስቱዲዮ ፖርትሬት ማለት በፎቶ ቤት ውስጥ የሰው ገጽታ ሲነሳ ባርኔጣን፣ ኮፍያን ወይም ሌላ የራስ ልብስን የምስሉ አካል አድርጎ መጠቀም ነው። ባርኔጣው ተነሺው ለብሶት የመጣ ወይም ፎቶ ቤቱ ለደንበኞች ያስቀመጠው ሊሆን ይችላል። ክፈፉ ፊት ላይ ጥላ ስለሚጥል የመብራት ስሕተት ወዲያው ይታያል። ስለዚህ ለጀማሪ ፎቶ አንሺ ጥሩ መለማመጃ ነው።

ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1854 ፈረንሳዊው አንድሬ አዶልፍ ኤውጄን ዲስዴሪ ካርት ደ ቪዚት የተባለውን አነስተኛ ፎቶ በፓተንት አስመዘገበ። ከዚያ በኋላ የፎቶ ዋጋ ረከሰ፣ ፎቶ ቤቶችም በዙ። በዚያ ዘመን ብዙ ስቱዲዮዎች ብርሃን የሚያገኙት ከመስታወት ጣሪያና ከትልልቅ መስኮቶች ነበር። በወቅቱ በተነሱ ፎቶዎች ላይ ባርኔጣው ብዙ ጊዜ በእጅ ተይዞ ወይም ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ይታያል።

በማሊ ዋና ከተማ በባማኮ ሴይዱ ኬይታ እ.ኤ.አ. በ1948 ስቱዲዮ ከፈተ። ለደንበኞቹም ሙሉ ልብስ፣ ክራባት፣ ባርኔጣ፣ የእጅ ሰዓት፣ እስክሪብቶና ሬዲዮ ያቀርብ ነበር። ደንበኛው ለቤተሰቡና ለወዳጆቹ እንዴት መታየት እንደሚፈልግ የሚመርጠው ከእነዚህ ዕቃዎች ነበር። አሜሪካዊው ኢርቪንግ ፔን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1950 እና በ1951 በፓሪስ፣ በለንደንና በኒው ዮርክ የተለያዩ ሠራተኞችን ከነሥራ ልብሳቸውና ከነመሣሪያቸው በስቱዲዮ አንስቷል። በእነዚህ ፎቶዎች ቆቡ የባለቤቱን ሙያ ይናገራል።

በኢትዮጵያ ከቀደሙት ፎቶ አንሺዎች መካከል አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበር። ሙያውንም ልጆቹ ወርሰውታል። ዐፄ ምኒልክ በታወቁት ፎቶዎቻቸው በነጭ ሻሽ ላይ ሰፊ ክፈፍ ያለው ጥቁር ባርኔጣ ደፍተው ይታያሉ።

መብራት

በተለመደው አሠራር ዋናው መብራት ከተነሺው ጎን ለጎን 45 ዲግሪ ያህል ዞር ብሎ፣ ከዓይን ከፍታ በላይ ይቀመጣል። ሰውየው ባርኔጣ ሲያደርግ ግን ይህ ብርሃን በክፈፉ ይጋረድና ዓይኖቹ ይጨልማሉ። ችግሩ በሚከተሉት መንገዶች ይቃለላል፦

- መብራቱን ወደ ዓይን ከፍታ ዝቅ ማድረግ፤
- ባርኔጣውን ትንሽ ወደ ኋላ መግፋት፣ ወይም በመብራቱ በኩል ያለው ክፈፍ ከፍ እንዲል ማዘንበል፤
- ተነሺው አገጩን በጥቂቱ እንዲያነሳ መጠየቅ፤
- ከደረቱ በታች ነጭ ሪፍሌክተር ይዞ ብርሃኑን ወደ ላይ መመለስ። ሪፍሌክተር ከሌለ ነጭ ካርቶን ይበቃል።

መስተካከሉ የሚታወቀው በዓይን ብሌን ላይ የመብራቱ ነጸብራቅ ሲታይ ነው። ጥላው ሁሉ መጥፋት የለበትም፤ በግንባር ላይ የሚቀር ለስላሳ ጥላ ለምስሉ ጥልቀት ይሰጣል። ቀዳዳ ያለው የሣር ባርኔጣ ፊት ላይ የብርሃን ነጠብጣብ ሊጥል ይችላል። ይህ ካልተፈለገ ሶፍትቦክስ ወደ ተነሺው ይጠጋል። ጥቁር ባርኔጣ ከጥቁር መጋረጃ ጋር እንዳይዋሐድ ደግሞ ከኋላ አንድ ትንሽ መብራት ይጨመራል።

የካሜራ አቀማመጥ

የካሜራ ብርሃን መለኪያ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ ይገምታል። በዚህ ምክንያት ነጭ ባርኔጣ ምስሉን ከሚገባው በላይ ሊያጨልመው፣ ጥቁር ባርኔጣ ደግሞ ሊያነጣው ይችላል። መፍትሔው ልኬቱን ከባርኔጣው ሳይሆን ከፊቱ ቆዳ መውሰድ ነው። በስቱዲዮ ፍላሽ ሲሠራ የእጅ ብርሃን መለኪያ ከክፈፉ ሥር፣ ከፊቱ አጠገብ ይያዛል።

በሰፊ ማዕዘን ሌንስ ተጠግቶ ማንሳት ክፈፉን ያገዝፈዋል፣ ፊቱን ግን ያሳንሰዋል። ስለዚህ በፉል ፍሬም ካሜራ ከ85 እስከ 105 ሚ.ሜ. ያለው ሌንስ ይመረጣል። ባርኔጣ ቁመት ስለሚጨምር ከራስ በላይ በቂ ቦታ መተው ያስፈልጋል። ትኩረቱም ለካሜራው ቅርብ በሆነው ዓይን ላይ እንጂ በክፈፉ ጫፍ ላይ አይደረግም።

የመለማመጃ ዘዴ

ተማሪው አንድን ሰው በአንድ ቦታ አራት ጊዜ ያነሳል፦ መጀመሪያ ያለ ባርኔጣ፣ ቀጥሎ በባርኔጣ፣ ከዚያ መብራቱን ዝቅ አድርጎ፣ በመጨረሻም ሪፍሌክተር ጨምሮ። በየጊዜው አንድ ነገር ብቻ ስለሚቀየር የእያንዳንዱ ለውጥ ውጤት አራቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን በማስተያየት ይታወቃል። ባርኔጣ ፀጉርን ስለሚያስተኛ ያለ ባርኔጣ የሚነሳው ፎቶ ይቀድማል።

ጥንቃቄ

ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ባርኔጣ ንጽሕናው መጠበቅ አለበት። እንደ ካህናት ጥምጣም ያሉ የሃይማኖት የራስ ልብሶች ለባለቤታቸው የክብር ምልክት ናቸው፤ ስለዚህ ለማስዋቢያ ብቻ ለሌላ ሰው ማልበስ ቅር ሊያሰኝ ይችላል። ለፓስፖርት በሚነሳ ፎቶ ደግሞ ባርኔጣ አይፈቀድም። አገሩ በሃይማኖት ወይም በሕክምና ምክንያት የራስ መሸፈኛ ቢፈቅድም ፊቱ ያለ ጥላ በግልጽ መታየት አለበት።