ከእግር ለእጅ የተሰጠ አጥንት

በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት፣ የዐድዋን ዘማቾችና ፈረሶቻቸውን ሊዘክር በእንጅባራ ሜዳ ሲሰለፍ ለተመለከተ ሰው፣ ከኮርቻ የወደቀ ጋላቢ አስቀድሞ የሚመረኮዘው በእጁ መሆኑንና የተሰበረውን የእጅ አንጓ የደጋው ምድር ባበቀለው ቀርከሃ የሚያስረው ወጌሻ ስለ ምን እንደሚከበር ማስረዳት አያሻም። ነገር ግን አንጓው ያለ ውድቀት የሚያብጥበት፣ ሕመሙም ውሎ አድሮ የሚብስበት ጊዜ አለ።

እ.ኤ.አ. በ1818 እንግሊዛዊው ሐኪም አስትሊ ኩፐር ጠባዩን የገለጸው፣ እንዲህ ያለውን እብጠት ሊያመጣ የሚችል አንድ ዕጢ፣ ይበልጡን ከ20 እስከ 40 ዓመት ያሉትን የሚይዝ፣ አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር ሳይሆን አጥንትን ከውስጥ እየበላ ስስ ቅርፊት የሚያስቀር፣ ተፍቆም ሊመለስ የሚችል ነውና፣ የወጌሻን ጥበብ ሳላቃልል፣ እሽትም ሆነ ቀርከሃ እንደማይፈታው እናገራለሁ።

የተበላውን አጥንት አውጥቶ ሌላ የመተካት ሐሳብ ግን ሲወለድ ግዝት ገጥሞታል፤ እ.ኤ.አ. በ1668 የታተመው የሆላንዳዊው ሐኪም የዮብ ቫን ሜክረን መጽሐፍ እንደሚተርከው፣ ራሱን በሰይፍ የተመታ አንድ የሩስያ መኮንን በውሻ የራስ ቅል አጥንት ቢጠገንለት፣ ካህናቱ ከምእመናን ኅብረት ስለ ለዩት አጥንቱ እንዲወጣለት እስከ መማጸን ደርሷል። ቁስሉ ድኖ ከቅዱስ ቁርባን የተለየ ሰው መከራው ምን ያህል እንደ ሆነ የእኛ አገር ምእመን ከማንም ይልቅ ይረዳዋል። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1880 ገደማ፣ የግላስጎው ሐኪም ዊልያም ማክዌን የአንድ ሕፃን የበሰበሰ የክንድ አጥንት ከሌሎች ሕፃናት እግር በተወሰደ አጥንት ተካ።

ፈረንሳዊው ዋልተር እ.ኤ.አ. በ1911 ለአንጓ ያዋለው ግን የበሽተኛውን የራሱን፣ ከቅልጥም ጎን ያለውን ቀጭን አጥንት ነው፤ የሰውነትን ክብደት በአብዛኛው የሚሸከመው ቅልጥም ስለ ሆነ እግር ያለ ቀጭኑ አጥንት ይቆማል፣ የላይኛው ጫፉም ከአንጓው አጥንት ጋር በቅርጽ ይቀራረባል። አጠገቡ እግርን ቀና የሚያደርግ ነርቭ ስለሚያልፍ ቀዶ ጥገናው ጥንቃቄ ይጠይቃል። በብረትና በብሎን የታሰረው ተተኪ አጥንትም ሥጋ ቀስ በቀስ በራሱ አዲስ አጥንት እስኪወርሰው ብዙ ወራት ያስቆጥራል፤ የሜልበርኑ ኢያን ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1975 አጥንቱን ከነደም ሥሩ ማዛወር የቻለው ይህንኑ መዘግየት ሊያስቀር ነበር።

እንግዲህ የዳንግላ ወይም የእንጅባራ ሰው፣ ሳይወድቅ አንጓው ያበጠበት እንደ ሆነ፣ ከመታሸቱ በፊት ራጅ ይነሣ፤ ዕጢ ከተገኘም ሳንባው ይመርመር፣ አልፎ አልፎ ወደዚያ ይዛመታልና።