ከማጀቴ እስከ አዲ አርቃይ፦ የድሃ ቤትና የመሬት መንቀጥቀጥ

አጎቴ አዲ አርቃይ ላይ ቤት እየሠሩ ነው። እንደገና ማለቴ ነው። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ወደ ሰሜን ጎንደር ሲዘልቅ የጭቃ ቤታቸውን ጥለው ወጡ፤ ሲመለሱ የጠበቃቸው ቆርቆሮው የተገፈፈና ዝናብ የበላው ግድግዳ ነበር። ጥቂት ዓመት እንደምንም ከኖሩበት በኋላ ባለፈው ጊዜ ደወሉልኝ።

«የአሁኑን በጭቃ አልሠራውም። በድንጋይ ነው። ድንጋይ አይበሰብስም፣ ምስጥ አይበላውም።»

«ጋሼ፣ መሬት ቢንቀጠቀጥስ?» አልኳቸው። ያኔ ፈንታሌና ዶፈን አካባቢ መሬቱ መናወጥ ከጀመረ ወራት አልፎት ነበር። ሳቁ።

«እሱ የአፋር ጉዳይ ነው። እዚህ ምን አለ?»

ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ፍለጋ ስገባ ግን ከአፋር በፊት ያገኘሁት እዚሁ አማራ ክልል ውስጥ ያለች ከተማ ታሪክ ነው፤ ማጀቴን።

ግንቦት 1953 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1961) መጨረሻ ላይ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ፣ ደጋው ወደ ስምጥ ሸለቆው በሚወርድበት ጠርዝ፣ መሬቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አንድ ጊዜ ነውጦ አልተወም፤ ለቀናት፣ ከዚያም ለሳምንታት ተደጋገመ። ትልቁ በመጠን ከ6 በላይ ነበር። ማጀቴ ፈረሰች። ካራ ቆሬ ላይ ከቤቶቹ ግማሽ የሚጠጉት ወደቁ። መሬቱ ተሰነጠቀ፣ ናዳ ወረደ፣ ዋናው መንገድም ተጎዳ። 5,000 ያህል ሰው ቤት አልባ ሆነ።

ይህን ዛሬ የምናውቀው አንድ ሰው ስለመዘገበው ነው። ፒየር ጉዋን ካናዳዊ የኢየሱሳውያን ማኅበር ቄስ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በያኔው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ምልከታ ጣቢያውን ያቋቋሙት እሳቸው ናቸው። ካራ ቆሬ ስትናወጥ ጣቢያው ገና ጥቂት ዓመቱ ነበር። ጉዋን በመሣሪያው ብቻ አልተወሰኑም፤ ዜና መዋዕሎችን፣ የተጓዦችን ማስታወሻና የድሮ ደብዳቤዎችን እያገላበጡ የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ ሰበሰቡ። መጽሐፋቸው እ.ኤ.አ. በ1979 ታተመ። ዛሬም ስለ አገራችን የመሬት መንቀጥቀጥ የሚጽፍ ሁሉ መነሻው እሱ ነው።

ከማጀቴ ስምንት ዓመት በኋላ፣ በመጋቢት 1961 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1969)፣ በአሰብ መንገድ ላይ ያለችው የአፋሯ ሰርዶ ፈረሰች። በእኛ ዕድሜ ደግሞ የ2017ቱ መጣ። ታኅሣሥ ላይ ከ5.5 በላይ የሆነ፣ የካቲት 7 ደግሞ 6 የደረሰ ነውጥ ተመዘገበ። በአዋሽ ፈንታሌና በአካባቢው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቤቱ ወጣ። አዲስ አበባ ላይ እኛ ኮንዶሚኒየም ውስጥ መብራቱ ሲወዛወዝ እያየን ቲክቶክ ላይ «ተሰማችሁ?» ተባባልን።

አገሪቱ ዝም ብላ አልተቀመጠችም። እ.ኤ.አ. በ1995 ከወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ ስምንተኛው ክፍል የተጻፈው ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ነው፤ በ2015 ደግሞ በአውሮፓው ኮድ መሠረት ታድሷል። ችግሩ የአንባቢው ማንነት ላይ ነው። ኮዱን የሚከፍተው ፎቅ የሚሠራ ኢንጂነር ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ሕንፃዎችን «ሀ»፣ «ለ» እና «ሐ» ብሎ ሲከፍል ከሁለት ፎቅ በታች ያለ የግል መኖሪያ ቤት ቁጥጥሩ ቀላል በሆነው በ«ሀ» ምድብ ገባ። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ለእያንዳንዱ ጎጆ ስሌት አምጣ ቢባል ማንም ቤት አይሠራም። ግን የአብዛኛው ሰው ቤት ያ ነው። ማጀቴ ላይ የፈረሰውም ፎቅ አይደለም። ሶፍትዌር ስንሠራ እንዲህ ያለ ነገር ያጋጥመናል፦ ሰነዱ በደንብ ተጽፏል፣ ተጠቃሚው ጋ ግን አልደረሰም።

ታዲያ አጎቴ ከጭቃ ወደ ድንጋይ ሲሄዱ ምን እያደረጉ ነው? በእሳቸው ዓይን ዕድገት ነው። ከምስጥና ከዝናብ አንጻር ልክ ናቸው። ከነውጥ አንጻር ግን ነገሩ ይገለበጣል።

የጭቃ ቤት አጥንቱ እንጨት ነው። ቋሚው፣ ማገሩና ጭድ የገባበት ምርጊቱ አንድ ላይ ተያይዘዋል። መሬት ሲናወጥ ቤቱ አብሮ ይወዛወዛል፤ ምርጊቱ ይሰነጠቃል፣ ይረግፋል፣ አጥንቱ ግን ብዙ ጊዜ ይቆማል። ቢወድቅም ቀላል ነው። መሬት ውስጥ ያለው የቋሚው እግር ከበሰበሰ ግን ይህ ሁሉ ዋጋ የለውም።

በጭቃ የተገነባ የድንጋይ ግድግዳ ሌላ ነገር ነው። ግማሽ ሜትር ያህል ወፍራም ስለሆነ ጠንካራ ይመስላል። በእውነቱ ሁለት ቀጫጭን ግድግዳዎች ናቸው፤ አንዱ ወደ ውጪ፣ አንዱ ወደ ውስጥ፣ መሀሉ በጠጠርና በጭቃ የተሞላ። ነውጡ ሲመጣ ሁለቱ ይለያያሉ፣ ማእዘኑ ይከፈታል፣ ግድግዳው ወደ ውጪ ይወድቃል፣ ጣሪያው ይከተላል። ሰው የሚገድለው ክብደቱ ነው።

መፍትሔው ውድ አይደለም፣ አዲስም አይደለም። ከውስጥ እስከ ውጪ የሚዘልቁ ረጃጅም ድንጋዮችን በየመሀሉ ማስገባት፣ በርና መስኮትን ከማእዘን ማራቅ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቤቱን እንደ መቀነት ዙሪያውን ማሰር። አቅም ላለው መቀነቱ ፌሮ ያለው የኮንክሪት ታይ ቢም ነው። ለሌለው ደግሞ እንደ መሰላል የተያያዘ እንጨት፦ በግድግዳው ሁለት ጠርዝ የሚሄዱ ሁለት አጣናዎችና የሚያገናኟቸው አግዳሚዎች። ኔፓል እ.ኤ.አ. ከ2015ቱ አደጋ በኋላ የገጠር ቤቶችን ስትሠራ ድንጋይና ጭቃን አልከለከለችም፤ ይህን መቀነት ጨመረችበት። ፓኪስታን ውስጥ በካሽሚር በ2005 ከ70,000 በላይ ሰው ከሞተ በኋላ መንግሥት መጀመሪያ የፈቀደው ብሎኬትና ኮንክሪትን ነበር። ሕዝቡ በራሱ «ዳጂ» የሚባለውን የእንጨት አጥንትና የጭቃ ሙሌት ያለውን የአያቶቹን ቤት መሥራት ሲጀምር ባለሥልጣናቱ አይተው አጸደቁት። ዳጂ የእኛ የጭቃ ቤት ዘመድ ነው፤ የሚለየው በሰያፍ የሚገቡ እንጨቶች ስላሉት ነው።

የእንጨት መሰላሉን ሥዕል መጀመሪያ ሳየው የት እንደማውቀው ጠፍቶኝ ነበር። ከዚያ ትዝ አለኝ፤ ይምርሐነ ክርስቶስ። ላስታ ውስጥ፣ ዋሻ ውስጥ የተሠራው ቤተ ክርስቲያን ግድግዳው አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ ግንብ ነው። ደብረ ዳሞም እንዲሁ። አግድም የሚሄዱትን እንጨቶች የሚያያይዙት አግዳሚዎች ጫፋቸው ከግድግዳው ወጣ ይላል፤ «የዝንጀሮ ራስ» የምንለው ያ ነው። የአክሱም ሐውልቶች ላይ ሳይቀር በድንጋይ ተቀርጿል። ለመሬት መንቀጥቀጥ ታስቦ ነው የተሠራው አልልም። ግን ድንጋይ ብቻውን እንደማይቆም፣ መታሰር እንዳለበት የሚያውቅ ግንበኛ ነው የሠራው። እኛ ጌጡን ቲሸርት ላይ አተምነው፤ ሥራውን ረሳነው።

ወደ አጎቴ ጥያቄ ልመለስ። አዲ አርቃይ ከስምጥ ሸለቆው ትርቃለች፤ ስጋቱ እንደ አዋሽ ወይም እንደ ማጀቴ አይደለም። ይህን አልደበቅኳቸውም። ጎንደር ላይ ግን የአፄ ኢያሱ ግንብ እ.ኤ.አ. በ1704 በመሬት መንቀጥቀጥ እንደተጎዳ ይነገራል፤ ያ ግንብ በኖራ የተገነባ የንጉሥ ቤት ነበር። ደግሞ መቀነቱ የሚጠቅመው ለነውጥ ብቻ አይደለም። መሠረቱ በክረምት ሲሰምጥ ግድግዳው እንዳይሰነጠቅም ይይዛል።

«ስንት እንጨት ይፈጃል?» አሉኝ በመጨረሻ።

ቤቱ 8 በ6 ሜትር ነው፤ ዙሪያው 28 ሜትር። ሁለት መስመር ሲሆን 56፣ አግዳሚዎቹ ወደ 28፤ ድምሩ 84 ሜትር። ባለ 4 ሜትር አጣና 21 ማለት ነው፤ መደራረቢያው ሲጨመር 25 ያህል። ይህ ለአንድ ዙር ነው፤ ከበርና መስኮቱ በላይ አንድ፣ ከጣሪያው ሥር አንድ ቢሆን 50። ለምስጥ የተቃጠለ ዘይት ይቀባል።

ዝም አሉ። ከዚያ ስልኩን ለግንበኛው ሰጡት። እሱም ሰምቶኝ ሲያበቃ፣ «አሃ፣ አባቴ እንጨት ያስገባበት ነበር» አለኝ። «ለምን እንደሆነ አልነገረኝም እንጂ።»