ስምንተኛው ሺህና የዘመን ቍጥር

በነፋስ መውጫም ሆነ በወገዳ፣ በመካነ ኢየሱስም ገበያ፣ ዝናም በዘገየ ጊዜ፣ እህል በተወደደ ጊዜ፣ ወይም ልጅ ለአባቱ አልታዘዝ ባለ ጊዜ፣ «ምን ይደረግ፤ ስምንተኛው ሺህ ነው» የሚል ሽማግሌ አይታጣም። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ያደግን ሁላችን ይህን ቃል ከሕፃንነታችን ጀምሮ ሰምተነዋል። ነገር ግን ቍጥሩ ከየት እንደ መጣ፣ መቼ ጀምሮ መቼ እንደሚፈጸም የጠየቅን ጥቂቶች ነን። የትምህርት ቤት የምሥረታ በዓል ያለፈው ዓመት የሚቈጠርበት ጊዜ ነውና፣ እኛም በዚህ መጽሔት ስለ ዘመን ቍጥርና ስለ ዘመን ፍጻሜ የተሰጡትን ልዩ ልዩ ትርጓሜዎች ለመመርመር አስበናል።

አገራችን ለዚህ ጥያቄ እንግዳ አይደለችም። በጋይንት ቤተ ልሔም የድጓ፣ ዙር አምባም የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ ሆነው የታወቁ ናቸው። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት አጽዋማትንና በዓላትን የሚያወጡበት ትምህርት ባሕረ ሐሳብ ይባላል፤ የእስክንድርያ 12ኛ ሊቀ ጳጳሳት የነበረው ዲሜጥሮስ እንደ ደረሰው ይነገራል። አሠራሩን በምሳሌ እናሳይ። 2000 ዓመተ ምሕረትን ከ5500 ዓመተ ዓለም ጋር ብንደምር 7500 ይሆናል። ይህን ለአራት ብናካፍል 1875 እናገኛለን። ሁለቱን ደምረን 9375ን ለሰባት ስናካፍል 2 ይተርፋል። አንድ ሲተርፍ ማክሰኞ፣ ሁለት ሲተርፍ ረቡዕ ነውና መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. በረቡዕ ዋለ።

እንግዲህ 5500 የተባለው ለአዳም ከተሰጠው የአምስት ቀን ተኩል ተስፋ የመጣ ነው፤ አንዱ ቀን እንደ ሺህ ዓመት ይቈጠራል። ከዚህም የተነሣ ብዙዎች የዓለምን ዕድሜ በሳምንቱ ሰባት ቀን መስለው ሰባት ሺህ ነው አሉ። በዚህ ቍጥር ሰባቱ ሺህ የሞላው በ1500 ዓ.ም. መጨረሻ ነበር። ዐፄ ናዖድ ስምንተኛውን ሺህ እንዳያዩ ጸልየው ነበር ይባላል፤ ያረፉትም በዚያው በ1500 ዓ.ም.፣ አዲሱ ሺህ ከመግባቱ በፊት ነው። በ1521 ዓ.ም. የሽምብራ ኵሬ ጦርነት ተደርጎ የኢማም አሕመድ ጦር አገሩን ባጥለቀለቀ ጊዜ፣ «የተፈራው ደረሰ» ለማለት ምክንያት የሚሆን መከራ ታየ። ይሁን እንጂ ዓለም አላለፈም። መቶ ዓመት ያህል ቈይቶ፣ በ1628 ዓ.ም. ግድም፣ ዐፄ ፋሲል ጎንደርን ቈረቈሩ።

ይህ ፍርሃት የእኛ ብቻ አልነበረም። ሩሲያውያን ዘመኑን ከእኛ በዐሥራ ስድስት ዓመት ያህል ልዩነት ይቈጥሩ ስለ ነበር ሰባቱ ሺህ በእኛ 1484 ዓ.ም. ሞላላቸው። የፋሲካ ማውጫቸውም እስከዚያ ዓመት ድረስ ብቻ የተጻፈ ነበር። ዓመቱ በሰላም ካለፈ በኋላ ግን የሞስኮው ሜትሮፖሊት ዞሲማ ለሚቀጥለው ሺህ አዲስ ማውጫ አስጀመሩ።

ወደ አገራችን ስንመለስ ደግሞ፣ በኋለኛው ዘመን ቴዎድሮስ የሚባል ጻድቅ ንጉሥ ይነሣል የሚል ትንቢት በፍካሬ ኢየሱስ ተጽፎ ይታወቅ ነበር። ካሣ ኃይሉ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ሲነግሡ ይህን ስም መረጡ። ትንቢቱ የሰላም ዘመን ተስፋ ቢሰጥም ዘመናቸው በጦርነት አለፈ። በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥተው፣ በጋይንትና በጨጨሆ በኩል መንገድ እያስጠረጉ መድፋቸውን ወደ መቅደላ አስጐተቱ፤ ሚያዝያ 6 ቀንም በዚያው ሞቱ። ስሙ ተገኘ፤ የተጠበቀው ዘመን ግን አልመጣም።

ከእኛ እጅግ ርቀው በሜክሲኮና በጓቲማላ አገር የሚኖሩት የማያ ሕዝቦችም ተመሳሳይ ነገር ደርሶባቸዋል። የጥንት አባቶቻቸው ቀንን በረዥም ቍጥር ይቈጥሩ ነበር፤ 144,000 ቀን አንድ ባክቱን ይባላል። 13 ባክቱን፣ ማለት 1,872,000 ቀን፣ የተፈጸመው ታኅሣሥ 12 ቀን 2005 ዓ.ም. ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ብዙ ሰዎች «የዓለም መጨረሻ ነው» ብለው መጽሐፍ ጻፉ፤ ፊልምም ሠሩ። ነገር ግን በፓሌንኬ የተገኘው የንጉሥ ፓካል ጽሕፈት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር እስከ 4772 ዓ.ም. የሚደርስ በዓል ይጠቅሳል። ጸሐፊዎቹ ዓለም በ13ኛው ባክቱን ያበቃል ብለው ቢያምኑ ኖሮ፣ ከዚያ ወዲያ በዓል ባልቀጠሩ ነበር።

የራሳችንም ቍጥር ይህንኑ ይመሰክራል። በባሕረ ሐሳብ ዐቢይ ቀመር የሚባለው 532 ዓመት ነው፤ 532 ዓመት ሲሞላ ዕለቱም ጨረቃውም ወደ መነሻቸው ይመለሳሉ። 13 ዐቢይ ቀመር 6916 ዓመት ነው፤ ስለዚህ ሰባት ሺህ በሞላ ጊዜ 14ኛው ቀመር ገና 84 ዓመቱ ነበር። 15 ቀመር የሚሞላው በ7980፣ ማለት በ2480 ዓ.ም. ነው። ስምንተኛው ሺህ በ2500 ዓ.ም. ሲፈጸም 16ኛው ቀመር ከተጀመረ 20 ዓመት ይሆነዋል። ቀመሩ በሰባት ሺህም ሆነ በስምንት ሺህ ላይ አይቆምም፤ ፍጻሜውን የጨመረው ተርጓሚው እንጂ ቍጥሩ አይደለም። ወንጌልም ያችን ቀን የሚያውቃት ሰው እንደሌለ ያስተምራል።

ነገሩ የቍጥር ጨዋታ ብቻ መስሎ እንዳይታይ ስለ ክፉ ቀን እናስታውስ። ከ1880 ዓ.ም. በኋላ የደስታ በሽታ የአገሩን ከብት በፈጀ ጊዜ ገበሬው የሚያርስበት በሬ አጣ፤ ረኃብም ሆነ። ያን ጊዜ መከራውን የዘመኑ ፍጻሜ ነው ብሎ ያየ ሰው አይፈረድበትም። ዛሬ ግን በሽታው ከባሕር ማዶ በምፅዋ በኩል በገቡ ከብቶች እንደ መጣ እናውቃለን። ክትባት ተገኝቶለት፣ ብዙ አገሮች ተባብረው፣ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም እንደ ጠፋ ታወጀ። ስምንተኛው ሺህ አላለቀም፤ በሽታው ግን አለቀ።

ሽማግሌዎቻችን «ስምንተኛው ሺህ» ሲሉ ምግባር እንዳይበላሽ ማስጠንቀቃቸው ነውና ቃሉን እናከብራለን። ነገር ግን አፈሩ ሲሸረሸር፣ ምንጩ ሲደርቅ፣ ልጅ ከትምህርት ሲቀር፣ ዘመኑን ወቅሰን እጃችንን ብናጣጥፍ ጥፋቱ የእኛ ይሆናል። ስለዚህ ዘመን መቍጠርን ከሊቃውንቱ እንማር፤ በተቈጠረልንም ዘመን ዛፍ እንትከል፣ እርከን እንሥራ፣ ታናናሾቻችንንም እናስተምር።