ፍቅር ብቻውን አላዳናቸውም

በኒውዚላንድ ደቡብ ደሴት ምሥራቃዊ ጠረፍ ያለችው ትንሿ የካይኮራ ከተማ ዛሬ የምትኖረው ባሕር ላይ ወጥቶ እንስሳ በማሳየት ነው። እንግዳው ቲኬት ይቆርጣል፣ ጀልባ ይሳፈራል፣ ዶልፊንና ዓሣ ነባሪ አይቶ ይመለሳል። የዚህ ንግድ ታሪክ ሲነገር ትረካው ሁሌም አንድ ነው፦ ጨካኙ የአደን ዘመን አለፈ፣ የሰው ልብ ራራ፣ ጦር የወረወረ እጅ ካሜራ ያዘ። ለጆሮ የሚጥም ነገር ነው፤ ከማስረጃው ጋር ግን አይገጥምም። የኒውዚላንድ ሰው ዶልፊን ሊያይ መርከብ ላይ መውጣት የጀመረው አደኑ ከመቆሙ ከሰባ ዓመት በላይ ቀድሞ ነው፤ ፍቅሩና አደኑም በአንድ ባሕር ላይ ሳይጣሉ ኖረዋል። የጎደለው ርኅራኄ አልነበረም። የጎደለው፣ እንስሳው በሕይወት በመኖሩ እንጀራ የሚበላ፣ በውኃውም ላይ መብት ያለው የአገሬው ሰው ነበር። (ዘመናቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ምስክር ፔሎረስ ጃክ የተባለው ዶልፊን ነው። ሪሶ ከሚባለው ዝርያ የሆነው ይህ ዶልፊን ከ1888 እስከ 1912 ድረስ በዌሊንግተንና በኔልሰን መካከል የሚመላለሱትን መርከቦች ፍሬንች ፓስ ከተባለው ጠባብ ሰርጥ አጠገብ እየጠበቀ ይቀበል ነበር። መርከቡ ሲደርስ ከውኃው ብቅ ይላል፣ ሰውነቱን ከመርከቡ ጎን ጋር ያሻሻል፣ ጥቂት አብሮ ዋኝቶ ይመለሳል። መንገደኛው እሱን ለማየት ከጓዳው ወጥቶ የመርከቡን ጠርዝ ተደግፎ ይቆማል፤ እሱን ብለው ብቻ የሚሳፈሩም ነበሩ። በ1904 መንግሥት እንደ ጃክ ያለ ዶልፊን በዚያ ባሕር እንዳይነካ፣ የነካም እንዲቀጣ ደነገገ። ለአንድ ዶልፊን ሲባል ሕግ እስከ ማውጣት የደረሰ ሕዝብ ልቡ ደንድኖ ነበር ማለት አይቻልም። ነገር ግን ጃክ በሕይወት ሳለ በ1911፣ ከዚያ ብዙም በማይርቀው በቶሪ ሰርጥ የፔራኖ ቤተሰብ የዓሣ ነባሪ አደን ጀመረ። ያንን ያየ ሕግ ይህን አላየም።

የዶልፊኗ የኦፖ ታሪክ ደግሞ ከዚህም የመረረ ነው። በ1955 መጨረሻና በ1956 መጀመሪያ፣ በሰሜን ደሴት ኦፖኖኒ በምትባል መንደር አንዲት ወጣት ዶልፊን ወደ ጥልቀት የሌለው ውኃ እየገባች ከልጆች ጋር ትጫወት ጀመር። በኳስ ትጫወታለች፣ ሰው ሲዳስሳት አትሸሽም። ወሬው ሲሰማ ሕዝቡ በመኪና ጎረፈ። ሊያስቸግሯት የሚሞክሩ በመኖራቸው ጥበቃ ተጠየቀላት፤ መመሪያውም መጋቢት 8 ቀን 1956 ጸና። በማግሥቱ ሞታ ተገኘች። አገር አለቀሰላት። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1960፣ የፔራኖ ጣቢያ 226 ሃምፕባክ ዓሣ ነባሪ ገድሎ በታሪኩ ከፍተኛውን ቁጥር አስመዘገበ። አንዲቷን በስሟ እየጠሩ ማልቀስና ስም የሌላቸውን መቶዎች ዘይት ማድረግ በአንድ አገር፣ በአንድ ትውልድ ውስጥ አብረው ሄዱ። ስም የወጣለትን እንስሳ መውደድ ቀላል ነው፤ ፍቅሩ ግን ከዚያ እንስሳ አያልፍም።

ታዲያ አደኑን ምን አቆመው? ዘይቱ ዋጋ በማጣቱና ዓሣ ነባሪው በማለቁ ነው የሚል ይኖራል፤ ትክክል ነው። የሶቪየት መርከቦች በ1959 እና በ1961 መካከል ባሉት ሁለት የአደን ወቅቶች በደቡብ ውቅያኖስ ከዓለም አቀፉ የአደን ስምምነት ውጭ 25,000 ያህል ሃምፕባክ ገደሉ፤ በኒውዚላንድ ጠረፍ የሚያልፈውም መንጋ በጥቂት ዓመት ውስጥ ነጠፈ። ፔራኖዎች ሃምፕባኩ ሲጠፋባቸው ፊታቸውን ወደ ካይኮራ አዙረው ስፐርም የተባለውን ዝርያ ማሳደድ ጀመሩ። የኒውዚላንድ የመጨረሻው ዓሣ ነባሪ የተገደለው ታኅሣሥ 21 ቀን 1964 በዚያው በካይኮራ ባሕር ነው። ይህ መልስ የእኔን ነገር ያጠናክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። አደኑ በሒሳብ ሞተ፤ የርኅራኄው ሕግ፣ የባሕር አጥቢዎች ጥበቃ አዋጅ፣ የመጣው በ1978 ነው፤ የሚታደን ከጠፋ አሥራ አራት ዓመት በኋላ። ሕጉ ጠቃሚ ነው፤ የከፈለው መሥዋዕትነት ግን አልነበረም።

ካይኮራ ራሷ የአደን ልጅ ናት። ሮበርት ፋይፍ የተባለ ስኮትላንዳዊ በ1842 የአደን ጣቢያ የከፈተባት ቦታ ናት፤ ከዚያ ዘመን የተረፈውና ዛሬ ቅርስ ሆኖ የሚጎበኘው ቤት መሠረቱ ላይ ጎንበስ ብሎ ላየው ከድንጋይ ይልቅ የዓሣ ነባሪ የጀርባ አጥንት አንጓ ነው የሚያገኘው፤ እንጨቱ ያረፈው በዚያ ላይ ነው። አዳኙን ወደዚህ የጠራው፣ ዛሬ ጎብኚውን የሚጠራው ያው አንድ ነገር ነው፦ ከ1,000 ሜትር በላይ የሚጠልቅ የባሕር ውስጥ ገደል ከባሕር ዳር አጠገብ መድረሱ። ስፐርም ዓሣ ነባሪ ምግቡን ከጥልቁ ስለሚያወጣ፣ በሌላ ቦታ ብዙ ጊዜ ከጠረፍ ርቀው ተጉዘው የሚያዩት እንስሳ እዚህ ቁርስ ከተበላ በኋላ ይታያል። ሙያውም አልተለወጠም። የድሮው አዳኝ እንስሳው ስንት ጊዜ እንደተነፈሰ ቆጥሮ፣ የት እንደሚወጣ ገምቶ ጀልባውን ያቆማል። የዛሬው ካፒቴን ሞተሩን አጥፍቶ በውኃ ውስጥ ድምፅ የሚያዳምጥ መሣሪያ ያጠልቃል፤ ዓሣ ነባሪው ከታች የሚያሰማው ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ሲቆም እንስሳው ወደ ላይ እየመጣ መሆኑን ያውቃል። ከ2004 ጀምሮ የአገሪቱ የተፈጥሮ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በሁለቱ ደሴቶች መካከል ባለው በኩክ ሰርጥ የሚያልፉትን ሃምፕባኮች ማስቆጠር ሲፈልግ ኮረብታው ላይ ያስቀመጣቸው የድሮዎቹን አዳኞች ነበር። ከእነሱ የተሻለ ዓይን አልተገኘም።

ቦታውና ሙያው ቢኖርም ንግዱ ወዲያው አልተወለደም፤ ከአደኑ መቆም በኋላ ከሃያ ዓመት በላይ ባዶ ሄደ። በ1980ዎቹ መንግሥት የባቡር ድርጅቱን እንደገና ሲያደራጅ ካይኮራ ላይ ብዙ ሰው ከሥራ ወጣ፤ ከሁሉ በላይ የተጎዱት የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆኑት ማኦሪዎች ነበሩ። የንጋይ ታሁ ነገድ አካል የሆኑት የካይኮራ ሰዎች አያታቸው ፓይኬያ በዓሣ ነባሪ ጀርባ ላይ ባሕር አቋርጦ እንደመጣ ይተርካሉ። በ1987 ቢል ሰሎሞንን ጨምሮ ጥቂት ቤተሰቦች ቤታቸውን ለብድር አስይዘው፣ በአንዲት ትንሽ የጎማ ጀልባ ዓሣ ነባሪ የማሳየት ሥራ ጀመሩ። ቢሯቸውን ያደረጉት በባቡር ጣቢያው ነው፤ ያባረራቸው ባቡር ቢያንስ ጣሪያ አተረፈላቸው። ሥራው ሲሰምር ሌላም ፈቃድ ጠያቂ መጣ፤ ክርክሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1995 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ዓሣ ነባሪ ማሳየት በማኦሪዎችና በብሪታንያ ዘውድ መካከል የተደረገው የ1840ው የዋይታንጊ ውል ሲፈረም ያልነበረ አዲስ ሥራ መሆኑን ተቀበለ፤ ቢሆንም ነገዱ ከባሕሩ ጋር ካለው የቆየ ትስስር ጋር እጅግ የተቀራረበ ስለሆነ ተገቢ ቅድሚያ ይገባቸዋል አለ። ሌላውን ሁሉ የመከልከል ሥልጣን ግን አልሰጣቸውም።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ ይነሳል። አንደኛው፣ ማኦሪዎችም በአደኑ ዘመን በጣቢያዎቹ ተቀጥረው ዓሣ ነባሪ ገድለዋል፤ ስለዚህ የጠባቂነት ማዕረግ አይገባቸውም የሚለው ነው። መግደላቸው እውነት ነው። ነገር ግን ክርክሩ ስለ ንጹሕ እጅ አይደለም፤ ነገ እንስሳው ባይመጣ ቤቱ በባንክ የሚወሰድበት ማን ነው የሚለው ነው። ሁለተኛው ከባድ ነው፦ ማየትም ይጎዳል። በሰሜን ደሴት በቤይ ኦፍ አይላንድስ ብዙ ጀልባዎች አፍንጫ ረዘም ያለውን ዶልፊን ለዓመታት ሲከተሉ፣ ሰውም አብሯቸው ሲዋኝ ከቆየ በኋላ የዶልፊኖቹ ቁጥር ከ1999 ወዲህ ከግማሽ በላይ ቀነሰ፤ በ2019 ከእነሱ ጋር መዋኘት ተከለከለ። የአሳዪ ድርጅቶቹ ብቻ ጥፋት አይደለም፤ የመዝናኛ ጀልባም ብዙ ነበር። እኔ ግን ይህን ለተቃዋሚዎቹ ሳይሆን ለራሴ ክርክር አድርጌ እወስደዋለሁ። እዚያ ፍቅርም፣ ገንዘብም፣ ሕግም ነበር። ባሕሩ ግን ሁሉም እንደሚያሰማራበት፣ ማንም ግን እንደማያሳርፈው ግጦሽ ሆኖ ነበር፤ አንዱ ቢርቅ ሌላው ይጠጋል፣ የራቀው ያጣል፣ የተጠጋው ያተርፋል።

የአገሪቱ የ1992 የባሕር አጥቢዎች ጥበቃ ደንብ በአንድ ዓሣ ነባሪ ዙሪያ በ300 ሜትር ውስጥ ከሦስት በላይ ጀልባ ወይም አውሮፕላን እንዳይገባ ያዝዛል፤ ደንቡ ግን የሚከበረው ቆጣሪ ሲኖር ነው። በካይኮራ ደስኪ የሚባሉት ዶልፊኖች ሌሊቱን በገደሉ ላይ ሲበሉ ያድራሉ፣ ቀን ዳር ላይ ያርፋሉ፤ በበጋ እኩለ ቀን ላይ የጉብኝት ጀልባዎቹ ለእረፍታቸው ሲሉ በፈቃዳቸው ይርቃሉ። የሚርቁትም ፈቃድ ያላቸውና በጣት የሚቆጠሩት ናቸው፤ አንዱ ቢሰርቅ ሌላው ያውቀዋል። በዚያው ሰዓት በገዛ ጀልባው ለመዝናናት የወጣ የከተማ ሰው ግን ዶልፊን እወዳለሁ ብሎ መሃላቸው ይገባል፤ የሚያጣው ፈቃድም፣ የሚወሰድበት ቤትም የለውም።