የሕመምተኛን ቃል ስለ መስማት

«ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» የሚለው ተረት በአገራችን ብዙ ዘመን ሲነገር ኖሯል። ተረቱ በሸንጎና በገበያ ብቻ የሚሠራ ቢሆን ጕዳቱ ባነሰ ነበር፤ አሳቡ ከሕመምተኛ አልጋ አጠገብ በቆመ ጊዜ ግን ነፍስ ያጠፋል። ተረቱ በማይነገርባቸው አገሮችም አሳቡ ነበረ፤ ለዚህም በኦስትሪያ ዋና ከተማ በቪየና የሆነው ነገር ምስክር ነው። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

በቪየና ታላቅ ሆስፒታል ጐን ለጐን ያሉ ሁለት የማዋለጃ ክፍሎች ነበሩ። ከ1840 ዓ.ም. ጀምሮ በአንደኛው ክፍል ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች፥ በሁለተኛው ክፍል ደግሞ አዋላጅነት የሚማሩ ሴቶች ይሠሩ ነበር። ወላዶቹ እንደ መጡበት ቀን ተራ ይመደባሉ እንጂ ምርጫ አልነበራቸውም፤ አብዛኞቹም ድኾች ስለ ነበሩ፥ በነጻ ለመታከም ሲሉ የተማሪዎች መማሪያ ይሆኑ ነበር። ከ1841 እስከ 1846 ባሉት ስድስት ዓመቶች በሐኪሞቹ ክፍል ከነበሩት 20,042 ወላዶች 1,989 ሞቱ፤ በአዋላጆቹ ክፍል ግን ከ17,791 ወላዶች የሞቱት 691 ነበሩ። ዋናው ገዳይ የአራስ ትኩሳት የሚባለው በሽታ ነበረ።

የአንደኛው ክፍል አደገኛነት በሴቶቹ ዘንድ የታወቀ ነበረ። ተራው የዚያ ክፍል በሆነበት ቀን የመጡት ተንበርክከው ወደ ሁለተኛው ክፍል እንዲወሰዱ ይለምኑ ነበር። መንገድ ላይ ወልደው የሚመጡት እንኳ በትኩሳቱ የሚያዙት ከስንት አንዴ ነበር። ሊቃውንቱ ግን ከፊሎቹ ፍርሃት በሽታውን ያመጣል አሉ፤ ከፊሎቹ በወንድ እጅ መውለድ ዐፍረታቸውን ስለሚነካ ነው አሉ፤ ከፊሎቹም ጐን ለጐን ባሉት ክፍሎች የሚነፍሰው አየር አንድ መሆኑን ዘንግተው፥ ምክንያቱ አየሩ ነው አሉ። እንዲህ ሆኖ የሴቲቱ ፍርሃት የሞቷ ምክንያት ተባለ እንጂ፥ ያስፈራት ነገር ምን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ለብዙ ጊዜ አልተገኘም።

በ1846 ኢግናዝ ዜመልቫይስ የሚባል የሃንጋሪ ተወላጅ ሐኪም በአንደኛው ክፍል ተሾመ። ቄሱ ለሚሞቱት ቍርባን ይዞ ደወል እየተደወለ ማለፉ ያስፈራቸዋል ቢባል፥ ደወሉን አስቀረ፤ ሞቱ ግን አልቀረም። በ1847 ወዳጁ ሐኪም ያኮብ ኮሌችካ ሬሳ በመመርመር ላይ ሳለ የተማሪ ቢላዋ ጣቱን ወጋውና ታምሞ ሞተ። አስከሬኑም ሲመረመር የተገኘው ምልክት በአራሶቹ ላይ ከሚታየው ጋር አንድ ነበረ። በዚህ ጊዜ ዜመልቫይስ ሐኪሞቹና ተማሪዎቹ ሬሳ በነኩበት እጅ ወላዶቹን እንደሚመረምሩ፥ አዋላጆቹ ግን ሬሳ እንደማይነኩ አስተዋለ። በግንቦት ወርም ሁሉ እጁን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠብ አዘዘ። በ1846 ከመቶ 11 ያህል የነበረው ሞት በ1848 ከመቶ 1 ተኩል እንኳ የማይሞላ ሆነ።

ብዙ ሊቃውንት ግን ቃሉን አልተቀበሉትም። በ1849 ከሥራው ተሰናበተ፤ በ1865 በ47 ዓመቱ በአእምሮ ሕሙማን ቤት ሞተ። ጸሓፊዎች ስለ እርሱ መበደል ማዘናቸው ተገቢ ነው። ነገር ግን ከእርሱ አስቀድሞ ቃላቸው የተናቀባቸውን እነዚያን ወላዶች ማሰብ ይገባል። የ1,989 እናቶች ሞት ያልከፈተውን ዓይን የአንድ ወንድ ሐኪም ሞት ከፈተው።

አንባቢ ሆይ፥ ይህ የጥንት ሰዎች ስሕተት ነው ብለህ አትለፈው። የአሜሪካ የመድኀኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ1977 ባወጣው መመሪያ፥ ለመውለድ የሚችሉ ሴቶች በአዲስ መድኀኒት የመጀመሪያ ሙከራዎች እንዳይገቡ አድርጎ ነበር። ይህ የተደረገው ፅንስን ከጕዳት ለመጠበቅ ነው፤ ነገር ግን መድኀኒት በሴት ገላ ላይ ምን እንደሚሠራ ማወቅን አዘገየ፤ መመሪያውም የተሻረው በ1993 ነው። ዞልፒደም የሚባለው የእንቅልፍ መድኀኒት ደግሞ በዚያው አገር በ1992 ተፈቅዶ፥ ለወንዱም ለሴቲቱም በአንድ መጠን ሲታዘዝ ቈየ። ከሴት ገላ ቀስ ብሎ ስለሚወጣ ጧት መኪና ስትነዳ ሊያፈዝዛት እንደሚችል ታውቆ፥ ለሴቶች የሚታዘዘው መጠን በግማሽ እንዲቀነስ የተደረገው በ2013 ነው። ሃያ አንድ ዓመት መሆኑ ነው።

እንግዲህ ዕውቀት ያለ ትሕትና ምን ያህል እንደሚያሳውር ከዚህ እንረዳለን። ሐኪም የተማረውን ያውቃል፤ የሚያማት ቦታ የት እንደ ሆነ ግን የምታውቀው ታማሚዋ ናት። «አመመኝ» ያለችውን ሴት «ፈርታ ነው፤ ጠባይዋ ነው» ብሎ የሚመልስ ሐኪም፥ ወይም ባል፥ ወይም ወንድም፥ የቪየናን ሊቃውንት ይመስላል። ከመፍረድ በፊት መጠየቅ፥ ከመጠየቅም በኋላ የተነገረውን ማመንና መመርመር ገንዘብ የማይጠይቅ ሕክምና ነው።