ትየርኪዲ፦ አንድ ሥርዓተ ትምህርት፣ ሁለት ኪስ

ስለ ጋምቤላ ትምህርት ቤቶች ወሬ ሲነሳ ሁላችንም የምንጠይቀው ስንት ተማሪ አለፈ፣ ስንቱ ወደቀ የሚለውን ነው። እስቲ ዛሬ ደግሞ ከፋዩ ማን ነው ብለን እንጠይቅ።

በኢታንግ ልዩ ወረዳ የምትገኘው ትየርኪዲ የተቆረቆረችው በየካቲት 2006 ዓ.ም. ነው፤ የደቡብ ሱዳን ጦርነት ታኅሣሥ ላይ ፈንድቶ ሁለት ወር እንደሞላው። ስሟ የስደተኞች ጣቢያ ቢሆንም ከ50,000 በላይ ሰው ኖሮባታልና ከተማ ብንላት አላጋነንም። ልጆቿ የሚማሩት በኢትዮጵያ ሥርዓተ ትምህርት ነው። ኑዌርኛውም ቢሆን በክልሉ ትምህርት ቤቶች የሚሰጥ ቋንቋ ነው።

ኪሱ ግን ለየቅል ነው። የወረዳውን መምህር የሚከፍለው ወረዳው ከመንግሥት በጀት ነው። የጣቢያው ትምህርት ቤት ደግሞ በዋናነት የቆመው በዕርዳታ ገንዘብ ነው። ስደተኛው መምህር የሚቀበለው እንኳ «ደመወዝ» አይባልም፣ «ማበረታቻ» ነው፤ ለዓመታትም ከ1,000 ብር በታች ነበር። አንድ ግቢ ውስጥ የሚያስተምረው ኢትዮጵያዊ ባልደረባው የዚያን እጥፍ ድርብ ያገኛል። (እንዲህ ተከፍሎት ዓመቱን የጨረሰ መምህር ካለ እኛ ባርኔጣችንን እናነሳለን።)

የወረዳው ትምህርት ቤት ተመችቶታል ማለታችን ግን አይደለም። በጀቱን በአብዛኛው የሚበላው ደመወዝ ነው፤ ለመጽሐፍና ለዴስክ የሚተርፈው ጥቂት ነው። አንዳንዴ ዕርዳታ ሰጪው ለጣቢያው አዲስ ክፍል ሲሠራ የመንደሩ ልጅ ቆሞ ያያል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የክልሉ ሕዝብ 307,096 ነበር። ኋላ የስደተኛው ቁጥር ብቻውን ከ300,000 አለፈ፤ ቆጠራ ግን ከዚያ ወዲህ አልተካሄደም።

ይህ ሁሉ ለኢታንግ አዲስ አይደለም። በ1970ዎቹ አጋማሽ የተከፈተው ትልቁ ጣቢያ፣ ደርግ በግንቦት 1983 ሲወድቅ ሰዉ ወደ ሱዳን ተመልሶ ባዶውን ቀረ። በጣቢያ ገንዘብ የቆመ ትምህርት ቤትም አብሮ ይነሳል።

ለዚህ ነው የታኅሣሥ 2010 የጅቡቲ ስምምነት ቁም ነገር የሚሆነው። የኢጋድ አገሮች የስደተኛውን ትምህርት ወደ ብሔራዊ ሥርዓታቸው ለማስገባት ቃል ገቡ። የእኛው አዋጅ ቁጥር 1110/2011 ተከተለና በአንደኛ ደረጃ ስደተኛውን ከዜጋ እኩል አደረገው። ከዚያ በላይ ግን «የአገሪቱ አቅም እንደፈቀደ» ነው። አዋጁ መብት ሰጠ እንጂ ኪሶቹን አንድ አላደረገም። በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካ ዕርዳታ ሲቆረጥም ቀድሞ የሳሳው ያው የጣቢያው ኪስ ነው።